ኬልቪን ምንድን ነው? የኮራል ገንዳ መብራት ለዐይንና ለካሜራ

ባሕር ዳር፣ ፋሲሎ አካባቢ ካሉት የኤሌክትሪክ ዕቃ መደብሮች ወደ አንዱ ገብታችሁ አምፖል ስትገዙ ካርቶኑን ገልብጡት። ከዋቱ ቀጥሎ 3000 ወይም 6500 የሚል ቁጥር፣ ከጎኑም «ኬ» ተብላ የምትነበብ የፈረንጅ ፊደል ታገኛላችሁ። ሻጩን ብትጠይቁት «ያኛው ቢጫው፣ ይኼኛው ነጩ» ይላችኋል፤ መልሱም ከሞላ ጎደል ትክክል ነው። ይኸው ቁጥር ዐረብ አገር ያሉ ዘመዶቻችን በስልክ በሚልኩልን ቪዲዮ ውስጥም አለ፤ በገበያ አዳራሽ መሐል የቆመ የመስታወት ገንዳ፣ ወደ ወይን ጠጅ የሚያደላ ሰማያዊ ውኃ፣ ውስጡ አረንጓዴና ብርቱካናማ ሆኖ የሚያበራ ኮራል የተባለ የባሕር ፍጥረት። እዚያ ላይ የተሰቀለው መብራት ግን 6500 ሳይሆን 14,000 ወይም 20,000 የሚባለው ነው። ቪዲዮው በደረሰ ቁጥር የሚነሳውም ጥያቄ ያው ነው፤ «ይህ ቀለም እውነት ነው ወይስ በኮምፒውተር የተቀባ?» ለመመለስ መጀመሪያ ቁጥሩን ማንበብ ያስፈልጋል።

ኬልቪን የሙቀት መለኪያ ነው። ስሙን የወሰደው እ.ኤ.አ. ከ1824 እስከ 1907 ከኖረው ከፊዚክስ ሊቁ ከዊልያም ቶምሰን፣ በማዕረጉ ሎርድ ኬልቪን ነው። የሙቀት መለኪያ በብርሃን ቀለም ላይ ምን አገባው ለሚል፣ ከቀጥቃጭ የተሻለ መምህር የለም። ብረቱ ከሰሉ ውስጥ ሲቆይ መጀመሪያ ፍም መስሎ ይቀላል፤ ወናፉ ሲበረታ ብርቱካናማ፣ ከዚያ ቢጫ፣ እጅግ ሲግል ወደ ነጭ ይጠጋል። ብረቱ ባይቀልጥና ከዚያም በላይ ማጋል ቢቻል ኖሮ ነጩ ወደ ሰማያዊ ያመዝን ነበር። ስለዚህ ካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥር የሚለው፣ አንድ የጋለ አካል ይህን ቀለም እንዲሰጥ ስንት ኬልቪን መድረስ ነበረበት የሚለውን ነው። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ብርሃኑ ወደ ቀይና ቢጫ፣ በጨመረ መጠን ወደ ሰማያዊ ይሄዳል።

መሰላሉን ከባሕር ዳር ሳንርቅ መውጣት ይቻላል። በዘጌ ዑራ ኪዳነ ምሕረት የግድግዳውን ሥዕል በጧፍ ብርሃን ብታዩት 1,900 ኬልቪን ገደማ ላይ ናችሁ። የድሮው ባለ ክር አምፖል 2,700 ያህል ነው። ፀሐይ ወደ 12 ሰዓት ተጠግታ ሐይቁ ላይ ስትወድቅ በ3,000 አካባቢ ትሆናለች፤ በጠራ ቀን ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ 5,500 ያህል ትደርሳለች። በሐምሌ ሰማዩ በደመና ሲሸፈን ብርሃኑ 6,500 አልፎ ይሄዳል። ፀሐይ የማያገኘው፣ ሰማያዊው ሰማይ ብቻ የሚያበራው የዋርካ ጥላ ደግሞ 10,000ን ሊነካ ይችላል። አዎ፣ ቀዝቀዝ ያለው ጥላ ከጧፉ ነበልባል የሚበልጥ ቁጥር አለው፤ ቁጥሩ የሚናገረው ስለ ቀለም እንጂ ፊታችንን ስለሚያሞቀው ነገር አይደለም።

ስለ ብርታትም አይናገርም። 20,000 የሚባል መብራት ከ6,500ው ሦስት እጥፍ አይበራም፤ ከነጭራሹ ደካማ ሊሆንም ይችላል። ኤልኢዲ በሚባሉት የዛሬ መብራቶች ውስጥ 20,000 ኬልቪን የጋለ ነገር እንደሌለም ግልጽ ነው፤ የፀሐይ ገጽ እንኳ ከ5,800 ኬልቪን አይበልጥም። የኤልኢዲ ቁጥር «ለዐይን ሲታይ ከዚህ ጋር ይቀራረባል» የሚል ግምት ነው። በዚህም የተነሳ ሁለት ፋብሪካዎች እኩል 14,000 ብለው የሚሸጧቸው መብራቶች በአንድ ገንዳ ላይ ቢሰቀሉ የተለያየ ቀለም ሊያሳዩ ይችላሉ። አንዱ ወይን ጠጁን ያበዛል፣ ሌላው ጥቂት ቀይ ይጨምራል፤ ቁጥሩ ግን ያው ነው። እኔ በበኩሌ በዚህ ቁጥር ብቻ ተማምኖ የገንዳ መብራት የሚገዛ ሰው፣ ቀምሶ ሳያይ ማር የሚገዛ ይመስለኛል።

የሠርግ ፎቶ አንሺዎቻችን ይህን ጉዳይ ስሙን ሳይጠሩት በየሳምንቱ ይታገሉታል። ሙሽራዋ ነጭ የሐበሻ ቀሚስ ለብሳ ሐይቁ ዳር ዛፍ ሥር ቆማለች እንበል። በዐይን ስናያት ቀሚሱ ነጭ ነው፤ አእምሯችን ነጭ መሆኑን ስለሚያውቅ ያርመዋል። ካሜራው ግን አያውቅም። ፎቶውን አስፍታችሁ ብታዩ ጥላው ውስጥ የቀረው የቀሚሱ ዘርፍ ሰማያዊ ነክቶታል፤ በቅጠሉ መሐል የሾለከ ፀሐይ ያረፈበት የነጠላው ጫፍ ደግሞ ቢጫ ሆኗል። አንድ ጨርቅ፣ አንድ ፎቶ፣ ሁለት ቀለም። ማታ በሆቴሉ አዳራሽ ውስጥ ያው ቀሚስ ቅቤ ይመስላል። ለካሜራው «ነጩ ይህ ነው» ብሎ መንገር ዋይት ባላንስ የሚባለው ነው። የጥላው ብርሃን 8,000 ከሆነ ካሜራውን 8,000 ላይ አድርጋችሁ ታነሳላችሁ፤ ቀሚሱም ወደ ነጭነቱ ይመለሳል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ግራ ይጋባል፦ መብራት ላይ ቁጥር መጨመር ሰማያዊ ያደርጋል፣ ካሜራ ላይ ቁጥር መጨመር ግን ፎቶውን ቢጫ ያደርገዋል። ምክንያቱም ካሜራው ያን ያህል ሰማያዊ ብርሃን አለ ተብሎ ስለተነገረው ለማመጣጠን ቢጫ ይጨምራል።

ወደ ኮራሉ እንመለስ። ኮራል ድንጋይ ቢመስልም እንስሳ ነው፤ በሥጋው ውስጥ ግን በዐይን የማይታዩ፣ አልጌ የሚባሉ ዕፅዋት መሰል ፍጥረታት ይኖራሉ። አልጌዎቹ በብርሃን ምግብ ይሠራሉ፣ ከሠሩትም ለአስተናጋጃቸው ያካፍላሉ። ለእኛ ቅርብ በሆነው በቀይ ባሕር፣ እንደ ዳህላክ ደሴቶች ባሉ ቦታዎች፣ ኮራል የሚኖረው ፀሐይ በሚደርስበት ጥልቀት ነው። የጠራ የባሕር ውኃ ከሁሉ አስቀድሞ የሚውጠው ቀዩን ብርሃን ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሜትሮች አብዛኛው ቀይ ያልቃል፣ ወደ ታች በወረዱ ቁጥር የሚቀረው ሰማያዊው ነው። አልጌዎቹም ሰማያዊውን አጥብቀው የሚይዙ ቀለሞች አሏቸው። የገንዳ ባለቤቶች ወደ ሰማያዊ ያደላ መብራት የሚሰቅሉት ለማሳመር ብቻ አይደለም፤ የባሕሩን ጥልቀት በክፍል ውስጥ እየመሰሉ ነው።

ጣና የዚህ ተቃራኒ ነው። ከ15 ሜትር የማይበልጥ ጥልቀት ያለው ሐይቅ ነው፤ ግልገል ዓባይ፣ ርብ፣ ጉማራና መገጭ በየክረምቱ ደለል ይጨምሩበታል። በደለልና በበሰበሰ ቅጠል በደፈረሰ ውኃ ውስጥ አስቀድሞ የሚጠፋው ሰማያዊው ነው፤ የሚቀረው ቢጫና ቡናማ ነው። ስለዚህ አምባዛ ወይም ነጭ ዓሣ ገንዳ ውስጥ አስገብቶ ከላዩ የኮራል መብራት መስቀል ዓሣውን አይቶት ወደማያውቀው ዓለም መውሰድ ነው። ዓሣው በዚህ አይሞትም፣ ግን አመድ ይመስላል። ለጣና ዓሣ ከ4,000 እስከ 6,500 ያለው መብራት፣ ማለትም ከፋሲሎ የምትገዙት አምፖል፣ ይበቃል፤ የዓሣው የራሱ ቀለም የሚወጣውም በዚያ ነው።

በቪዲዮው ላይ የሚያበራው አረንጓዴ ግን ከዚህ ሁሉ የተለየ ነገር ነው። ተራ ቀለም የደረሰበትን ብርሃን ከፍሎ ይመልሳል፤ ቀይ ጨርቅ ቀይ ብርሃን ካልደረሰው ጥቁር ነው። ብዙ ኮራሎች ግን ሰማያዊውን ብርሃን ውጠው በምትኩ አረንጓዴ ወይም ብርቱካናማ አድርገው የሚተፉ ፕሮቲኖች አሏቸው። ኦሳሙ ሺሞሙራ የዚህ ዓይነቱን አረንጓዴ ፕሮቲን ከአንድ የባሕር ጄሊፊሽ ለይቶ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1962 ነበር፤ በ2008 ከማርቲን ቻልፊና ከሮጀር ቼን ጋር የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት አስገኝቶለታል። ከኮራል ወገን የተገኙት ዘመዶቹ የታወቁት ዘግይቶ፣ በ1999 ነው። እንግዲህ 450 ናኖ ሜትር (የብርሃን ሞገድ ርዝመት የሚለካበት) አካባቢ ያለው ንጹሕ ሰማያዊ መብራት ሲበራ ክፍሉ ይጨልማል፣ ኮራሉ ግን የራሱን ብርሃን ያወጣል። ነጭ መብራት ስታበሩበት ያ ብርሃን አይጠፋም፤ በነጩ ይዋጣል እንጂ። ለዘመዶቻችን ቪዲዮ መልሱ ይህ ነው፦ አረንጓዴው አልተቀባም፣ ግን በቀን ብርሃን አታዩትም።

ታዲያ ለማየት የትኛው ይሻላል? ባለገንዳዎቹ ራሳቸው አይስማሙም። 20,000ውን የሚወዱ ሰዎች ማታ ሶፋ ላይ ተቀምጠው ኮራሉ ሲያበራ ማየት ይፈልጋሉ። 10,000ውን የሚመርጡት ደግሞ ዓሣው የዓሣ ቀለም፣ አሸዋውም የአሸዋ ቀለም እንዲኖረው ይፈልጋሉ። እኔ ከሁለተኞቹ ጋር ነኝ፤ ከሰማያዊው ገንዳ ፊት ጥቂት ከቆየሁ በኋላ ሁሉም ነገር የምሽት ክበብ ይመስለኛል፣ ቢጫው ዓሣም አረንጓዴ ነገር ይሆንብኛል። መካከለኛው፣ 14,000 አካባቢ ያለው፣ ብዙ ሰው የሚታረቅበት ነው። አሁን ያሉት መብራቶች የሰማያዊውንና የነጩን መጠን ለየብቻ ስለሚያስተካክሉ ቀን ነጩን፣ ምሽት ሰማያዊውን ማብዛት ቀላል ሆኗል።

እዚህ ላይ አንድ አደጋ አለ። የሰው ዐይን አብልጦ የሚያየው አረንጓዴውን፣ 555 ናኖ ሜትር አካባቢ ያለውን ብርሃን ነው፤ ሰማያዊው ደካማ መስሎ ይታየዋል። ባለገንዳው «አልበራም» ብሎ ሲጨምር ኮራሉ ግን ሙሉ ድርሻውን ቀድሞ አግኝቷል። ብርሃን ሲበዛበት አልጌዎቹን ያስወጣል፣ አጥንቱ ይገለጣል፣ ይነጣል። ስለዚህ ለኮራሉ የሚበጀውን መጠን የምታውቁት በዐይን አይደለም፤ ከ400 እስከ 700 ናኖ ሜትር ያለውን ብርሃን የሚቆጥር መሣሪያ ገንዳው ውስጥ አስገብቶ በመለካት ነው። እኛ ዘንድ ለሚያስብ ሰው ደግሞ ከመብራቱ በፊት የመብራት መቋረጥ ይቀድማል፤ ኮራል ጥቂት ሰዓት ጨለማ ይችላል፣ ውኃውን የሚያንቀሳቅሰው ፓምፕ ሲቆም ግን ገንዳው ውስጥ ያለው ሁሉ አየር ያጥረዋል።

ፎቶው ላይ ችግሩ ይከፋል። የካሜራው ብርሃን ተቀባይ ከየአራቱ ነጥብ ሁለቱን ለአረንጓዴ፣ አንዱን ለቀይ፣ አንዱን ብቻ ለሰማያዊ መድቧል። ሰማያዊ ብቻ በሆነ ብርሃን ውስጥ የሚሠራው በአብዛኛው ያ አንዱ ነጥብ ነው፤ እሱም እስኪሞላ ብርሃን ይጠጣል፣ ሌሎቹ ባዶ ይቀራሉ። የሚወጣው ፎቶ ሰማያዊ ጭጋግ ነው፤ የኮራሉ ጣቶችና አፎች አይለዩም። ዋይት ባላንሱን ላስተካክል ብትሉ ብዙ ካሜራዎች 10,000 ላይ ያበቃሉ፤ 20,000 ከአቅማቸው በላይ ነው። ስልክ ደግሞ በራሱ ገምቶ ወይን ጠጅ ያደርገዋል።

መፍትሔው ሁለት መንገድ አለው። ያልተጋነነ ቀለም የሚፈልግ ሰው ለፎቶው ጊዜ ብቻ ነጩን መብራት ከፍ፣ ሰማያዊውን ዝቅ አድርጎ ወደ 10,000 ያወርደዋል፣ ነጭ የፕላስቲክ ሳህን ውኃው ውስጥ አስገብቶም ካሜራውን በእሱ ነጭ ያስተካክላል። የሚያበራውን ማሳየት የሚፈልግ ደግሞ ሰማያዊውን ትቶ ሌንሱ ላይ ቢጫ ወይም ብርቱካናማ ማጣሪያ ይደርባል። ማጣሪያው ከመብራቱ የመጣውን ሰማያዊ ያግዳል፣ ኮራሉ ያወጣውን አረንጓዴና ብርቱካናማ ያሳልፋል። ለስልክ የሚሆን ብርቱካናማ ፕላስቲክም ይሠራል። በሁለቱም መንገድ የክፍሉን መብራት አጥፉ፤ ካልሆነ መስታወቱ ላይ የሚታየው የራሳችሁ ሸሚዝ ነው። ስልኩን ከመስታወቱ ጋር ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ፤ ሰያፍ ከሆነ የኮራሉ ጠርዝ በቀለም ይሸራረፋል። ፎቶው ላይ አግድም ጥቁር መስመሮች ከታዩ ኤልኢዲው ዐይን በማይይዘው ፍጥነት እየበራና እየጠፋ ነው፤ የመዝጊያውን ፍጥነት መቀነስ ወይም መብራቱን ሙሉ ማድረግ ያስተካክለዋል። ውኃው እንዲረጋ ፓምፑን ለጥቂት ደቂቃ አቁሙት።

ኮራል በፎቶ አይቶ የሚገዛ ሰው ከዋጋው በፊት መጠየቅ ያለበት በስንት ኬልቪን እንደተነሳ ነው። ሻጩ የሰማያዊውን ፎቶ ብቻ ከላከ፣ በ10,000 ወይም በቀን ብርሃን የተነሳ ሌላ ፎቶ ይጨምርለት፤ አልጨምርም ካለ ገዢው ቤቱ ሲደርስ ቡናማ ኮራል ቢያገኝ አይደነቅ፤ ብዙ ኮራል በነጭ ብርሃን ቡናማ ነው፣ ቡናማውም የአልጌዎቹ ቀለም ነው።