አቶሞች የሚጣመሩት 8 ኤሌክትሮን ስለናፈቃቸው አይደለም

«ሶዲየም አንድ ኤሌክትሮን ለክሎሪን ይሰጣል፣ ሁለቱም ውጫዊ ምህዋራቸው 8 ይሞላል፣ ይረጋጋሉ።» ኬሚስትሪ የተማረ ሁሉ ይህን ያውቃል። ለፈተና ይጠቅማል፤ ለመረዳት ግን ብዙም አይረዳም።

ሶዲየም በፈቃዱ ይሰጣል? ኧረ በጭራሽ! ያቺን ኤሌክትሮን ለመንጠቅ በአንድ ሞል (ኬሚስቶች አቶሞችን በብዛት የሚቆጥሩበት መለኪያ) 496 ኪሎጁል ገደማ ይጠይቃል። ክሎሪን ሲቀበላት የሚለቀው 349 ብቻ ነው። እስካሁን ኪሳራ ላይ ነን። ትርፉ የሚመጣው ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ አዮኖቹ (ኤሌክትሮን የሰጠውና የተቀበለው አቶሞች) ተሳስበው ክሪስታል ሆነው ሲደረደሩ ነው፤ ያኔ 787 ኪሎጁል ገደማ ይለቀቃል፣ ሶዲየሙን ለማትነንና የክሎሪኑን ሞለኪውል ለመሰንጠቅ የወጣውን ሁሉ ቀንሳችሁ እንኳ 410 ያህል ይተርፋል። ጨው የሚፈጠረው በዚህ ሒሳብ እንጂ በ8 ቁጥር አይደለም።

«የጨው ሞለኪውል» የሚባለውም እዚሁ ላይ ይወድቃል። ከአፋር የሚመጣውን አሞሌ ብትፈልጡ ውስጡ ጥንድ ጥንድ ሆነው የተቀመጡ ሶዲየምና ክሎሪን አታገኙም። እያንዳንዱ አዮን በ6 ተቃራኒዎቹ ተከቧል። ቀመሩ (NaCl) የሚናገረው ጥምርታውን ብቻ ነው።

ኤሌክትሮን መጋራትስ? እዚያም ጉዳዩ ኃይል ነው። ሁለት የሃይድሮጅን አቶሞች ሲቀራረቡ ኤሌክትሮኖቹ በሁለቱም ኒውክለስ ይሳባሉ፣ የአጠቃላዩ ኃይል ይወርዳል። በመካከላቸው ያለው ርቀት 74 ፒኮሜትር (የሜትር ትሪሊዮንኛ) ላይ ሲደርስ ዝቅተኛው ነጥብ ነው፤ ከዚያ በላይ ቢጠጉ መገፋፋቱ ያይላል።

ከሁሉ ግትሩ ስህተት ግን «ቦንድ (አቶሞችን የሚያያይዘው ትስስር) ሲሰበር ኃይል ይለቀቃል» የሚለው ነው። ባዮሎጂ ክፍል ስለ ኤቲፒ (ሴሎች ለኃይል የሚጠቀሙበት ሞለኪውል) ሲወራ ሁሌ ይሰማል። የተገላቢጦሽ ነው፤ መስበር ያስከፍላል፣ መፍጠር ይለቃል። ሃይድሮጅን ሲቃጠል እዩት፦ 2 ሞል ሃይድሮጅንና 1 ሞል ኦክስጅን ለመበጣጠስ 1370 ኪሎጁል ገደማ ወጪ ይደረጋል፣ የውሃው ቦንዶች ሲፈጠሩ 1850 ያህል ይለቀቃል። እሳቱ ልዩነቱ ነው። ኤቲፒም ቢሆን ኃይል የሚሰጠው ከውሃ ጋር ተፀግብሮ የተረጋጉ ውጤቶች ስለሚፈጥር ነው።

«8 የሞላለት አይጣመርም» ለሚል ደግሞ ውጫዊ ምህዋሩ 8 የሞላው ጋዝ፣ ዜኖን አለ። ኬሚስቱ ኒል ባርትሌት ፕላቲነም ሄክሳፍሎራይድ የሚባለው ውህድ ከኦክስጅን ሞለኪውል ኤሌክትሮን እንደሚነጥቅ አይቶ ነበር። ከዜኖን ለመንጠቅ የሚያስፈልገው ኃይልም ከኦክስጅኑ ጋር ተቀራራቢ ሆነበት። በ1962 እ.ኤ.አ. ዜኖንንና ውህዱን አገናኛቸው፣ ተፀገበሩ።