ቦታውን የለቀቀ የዓይን ሌንስ

ጎንደር ላይ አንድ አዛውንት «ሞራ ተገፈፈልኝ» ሲሉ፣ የደፈረሰው የተፈጥሮ ሌንስ ወጥቶ ሰው ሠራሽ ሌንስ ገብቶላቸዋል ማለት ነው። እንዲህ ያለው ሌንስ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ዓይን ውስጥ የገባው በ1949 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ ነው፤ ያስገባው ሐኪም ሃሮልድ ሪድሊ ይባላል። ዛሬ የሚገባው ሌንስ መሀሉ 6 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን ከሁለት በኩል ቀጫጭን ክንዶች አሉት። የሚቀመጠው የድሮው ሌንስ በነበረበት ስስ ከረጢት ውስጥ ነው። ከረጢቱን ደግሞ ከፀጉር የቀጠኑ ክሮች ዙሪያውን ወጥረው ይይዙታል።

ሌንሱ አያረጅም። ክሮቹ ግን ይላላሉ። ከምክንያቶቹ አንዱ በአገራችን አረጋውያን ላይ ብዙ የሚታየው፣ ዓይን ውስጥ እንደ ፎረፎር ያለ ነጭ ብናኝ የሚያከማች ሕመም ነው። እንጨት ሲፈለጥ የሚፈናጠር ፍላጭ ወይም የከብት ቀንድ ዓይንን ቢመታም ክሮቹ ሊበጠሱ ይችላሉ። ቀዶ ጥገናው ላይ ከረጢቱ ከተቀደደ ደግሞ ሌንሱ ከመጀመሪያው የሚይዘው ላያገኝ ይችላል።

ሰው ታዲያ «ሞራው ተመለሰ» ይላል። የወጣ ሞራ አይመለስም! አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ ከታየ፣ ወይም እይታው ድንገት ከደበዘዘ፣ ሌንሱ ተንሸራቶ ሊሆን ይችላል። ሐኪሙ ብሌኑን በጠብታ አስፍቶ ሲያይ የሌንሱ ጠርዝ ልትጠልቅ እንዳለች ፀሐይ ወደ ታች ወርዶ ያገኘዋል።

ትንሽ ሸሽቶ እይታን ካላወከ በክትትል ይታለፋል። አለበለዚያ ያው ሌንስ ከነጩ የዓይን ግድግዳ ወይም ከአይሪስ (ብሌኑን ከከበበው ባለ ቀለም ክፍል) ጋር ይሰፋል፤ ከተጎዳ በሌላ ይተካል። ያለ ስፌት የሚሠራም አለ፤ ጃፓናዊው ሐኪም ያማኔ ያስተዋወቀው ነው። ክንዶቹ በቀጭን መርፌ ግድግዳውን አልፈው ይወጣሉ። ጫፋቸው በሙቀት ሲነካ ያብጥና እንደ ሚስማር ራስ ሆኖ ይይዛል። ሌንሱ ሬቲና ላይ፣ ማለትም ከዓይን በስተኋላ ብርሃን በሚቀበለው ስስ ሽፋን ላይ፣ ከወደቀ ግን ሥራው ይከብዳል። መጀመሪያ ዓይንን የሚሞላው ዝልግልግ ፈሳሽ መወገድ አለበት፤ ይህ የሬቲና ስፔሻሊስት ይፈልጋል።

በ1954 እ.ኤ.አ. በጤና ኮሌጅነት የተመሠረተው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የዓይን ሕክምናና ማሠልጠኛ ማዕከል አለው። ከአካባቢው ወረዳዎች ለሚመጣ ሕመምተኛ ቅርቡ ትልቅ ማዕከል እሱ ነው።

ከኦፕሬሽን በኋላ ዓይን ማሸት፣ ከባድ ነገር ማንሳት ክልክል ነው። ጾም ከገባ «ስግደቱስ?» ማለት አይቀርም። ሐኪሙ እስኪፈቅድ ድረስ ስግደቱም ይቆያል።