የዕፅዋት ቃጫን በኬሚካል ማከም፦ የጎጃም ሲሳልና ቀርከሃ

የዕፅዋት ቃጫን በኬሚካል ማከም ማለት፣ ከቅጠል ወይም ከግንድ የወጣ ቃጫ ከፕላስቲክ ወይም ከፈሳሽ ሙጫ ጋር ከመዋሐዱ በፊት ገጹን ማጽዳትና ባሕርይውን መለወጥ ነው። ከውሕደቱ የሚገኘው ቁስ ኮምፖዚት ይባላል። በውስጡ ዋናውን ጭነት የሚሸከመው ቃጫው ሲሆን፣ ሙጫው ቃጫዎቹን አስሮ ጭነቱን ያከፋፍላል።

ጎጃም የዚህ ሥራ ጥሬ ዕቃ አላት። መነሻው ሜክሲኮ የሆነው ሲሳል በአጥርና በማሳ ድንበር ይበቅላል፤ ቅጠሉ ተፍቆ የሚወጣው ቃጫም ለገመድ ይውላል። ከ2,500 ሜትር ከፍታ በላይ በምትገኘው በእንጅባራና በዙሪያዋ ባለው የአዊ ደጋ ደግሞ ቀርከሃ በየጓሮው ይተከላል፤ አጥርና የቤት ዕቃም ይሠራበታል። የእንጅባራ ቀርከሃ ቃጫ ለኮምፖዚት ያለው ብቃት በተመራማሪዎች ተፈትሿል።

ያልታከመ ቃጫ ዋና ችግሩ ውሃ ነው። ቃጫ ከሴሉሎስ፣ ከሄሚሴሉሎስ፣ ከሊግኒን፣ ከፔክቲንና ከሰም የተሠራ ነው፤ ጥንካሬውን የሚያገኘው ከሴሉሎስ ቢሆንም፣ በሴሉሎስና በሄሚሴሉሎስ ላይ ያሉት የሃይድሮክሲል ቡድኖች፣ ማለትም የኦክስጅንና የሃይድሮጅን ጥንዶች፣ እርጥበት ይስባሉ። እንደ ፖሊፕሮፒሊን ያሉ ፕላስቲኮች ግን ውሃ አይቀበሉም። ስለዚህ ሁለቱ በሚገባ አይጣበቁም፤ ቃጫው በክረምት እርጥበት ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ይኮማተራል፣ በዚህ መፈራረቅም ከሙጫው እየተላቀቀ ስንጥቅ ይፈጥራል።

ለዚህ በጣም የተለመደው መፍትሔ በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ፣ ማለትም በኮስቲክ ሶዳ፣ ማከም ነው። ዘዴው መርሰራይዜሽን የተባለው በ1844 እ.ኤ.አ. እንደ ኮስቲክ ሶዳ ያለ አልካሊ በጥጥ ላይ የሚያመጣውን ለውጥ ባስተዋለው በእንግሊዛዊው ጆን መርሰር ስም ነው። ለኮምፖዚት ብዙ ጊዜ 5 በመቶ ገደማ ሶዳ የሟሟበት ውሃ ይዘጋጃል፤ ይህም በ1 ሊትር 50 ግራም ያህል ማለት ነው። ሶዳው ሲሟሟ ኃይለኛ ሙቀት ስለሚያወጣና ቆዳን ስለሚያቃጥል፣ ጓንትና የዓይን መከላከያ ተደርጎ ሶዳው ቀስ በቀስ ወደ ውሃው ይጨመራል እንጂ ውሃው በሶዳው ላይ አይፈስም። ቃጫው ለጥቂት ሰዓታት ተዘፍዝፎ ይቆያል፤ ከዚያም በንጹሕ ውሃ ደጋግሞ ይታጠባል፣ የቀረው አልካሊ በቀጭን አሴቲክ አሲድ ይረክሳል (ኃይሉ ይሻራል)፣ ቃጫውም በደንብ ይደርቃል። ሰሙ፣ ፔክቲኑ፣ ሄሚሴሉሎሱና የሊግኒኑ ከፊል ሲወገዱ ገጹ ሻካራ ይሆናል፣ ተጣብቆ የነበረው የቃጫ እሽግም ወደ ቀጫጭን ቃጫዎች ይከፈላል፤ ሙጫው የሚይዘው ቦታ የሚሰፋውም በዚህ ነው። ሶዳው ከበዛ ወይም ጊዜው ከረዘመ ግን ሴሉሎሱ ራሱ ይጎዳል፣ ቃጫውም ይሰባበራል። ሲሳልና ቀርከሃ የሊግኒን መጠናቸው ስለሚለያይ ለአንዱ የተመጠነውን ለሌላው እንዳለ መውሰድ ስሕተት ነው።

ሌሎች ዘዴዎችም አሉ፦ ሲሌን የተባለው ኬሚካል ቃጫውንና ሙጫውን በኬሚካል ድልድይ ያገናኛል፤ በአሴቲክ አንሃይድራይድ ማከም የሃይድሮክሲል ቡድኖችን በአሴቲል በመተካት እርጥበት መሳብን ይቀንሳል። ሁለቱም ከሶዳ ይልቅ ውድ ኬሚካልና ጥብቅ ቁጥጥር ይፈልጋሉ፤ ስለዚህ በጎጃም ለሚጀመር አነስተኛ ሥራ ሶዳን አስቀድሞ መምረጥ ይሻላል። ያም ሆኖ የዘዴው ከባድ ወጪ እጥበቱ ነው፤ ብዙ ውሃ ይፈጃል፣ ፍሳሹም አልካሊነቱ ሳይረክስና ዝቃጩ ሳይለይ ወደ ጣና ወይም ወደ አባይ ገባሮች መለቀቅ የለበትም።

ከ200 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ በላይ ቃጫው መበላሸት ስለሚጀምር፣ ከዚያ ባነሰ ሙቀት የሚቀልጠው ፖሊፕሮፒሊን ወይም ያለ ብዙ ሙቀት የሚደርቅ የፖሊስተር ሙጫ ተመራጭ ነው። ሲሳል ክብደቱ ከመስታወት ቃጫ በእጅጉ ያነሰ ነው፤ ጥንካሬው ግን አይደርስበትም። ስለሆነም የታከመው ቃጫ ለኮርኒስ፣ ለክፍል ማካፈያና ለመኪና የውስጥ ልባስ ይስማማል፤ የሕንፃ ዋና ተሸካሚ አካል ለመሆን ግን አይበቃም።