የቤት ውስጥ ምቾት ምዘና ምንድን ነው?

ደሴ አጎቴ ቤት በሄድኩ ቁጥር የማየው ነገር አለ። ሳሎኑ ሰፊ ነው፤ ሶፋው አዲስ ነው፤ በመንገዱ በኩል ያለው መስኮት ከግድግዳ እስከ ግድግዳ መስታወት ነው። በታህሳስ ጠዋት ግን ሳሎን ውስጥ የሚቀመጥ የለም። ሁሉም ጋቢውን ደርቦ ከቤቱ ጀርባ ፀሐይ ይሞቃል። ቡናው እንኳ እዚያው ነው የሚፈላው።

ቤቱ ያምራል። ብዙ ገንዘብም ወጥቶበታል። ግን በብርድ ወራት ሳሎኑ ሰው አይዝም። ይህን መሠረቱ ከመቆፈሩ በፊት ማወቅ ይቻል ነበር። የቤት ውስጥ ምቾት ምዘና የሚባለውም ይኸው ነው። ሕንፃው ገና ፕላን ላይ እያለ፣ ውስጡ የሚኖረው ሰው ይበርደዋል ወይስ ይሞቀዋል፣ ምን ዓይነት አየር ይተነፍሳል፣ በቂ ብርሃን ያገኛል ወይ፣ ጫጫታ ይረብሸዋል ወይ ብሎ በቁጥር መጠየቅ ነው። ተሠርቶ ሰው ከገባበት በኋላም መልሶ መለካት አለ።

ከሙቀት እንጀምር፤ ለደሴ ሰው ዋናው እሱ ነው። ብዙዎቻችን ሙቀት ሲባል የአየሩን ዲግሪ ብቻ እናስባለን። ዴንማርካዊው ኢንጂነር ፖውል ኦሌ ፋንገር በ1970 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሥራ ግን ስድስት ነገሮችን አንድ ላይ ቀመረ፦ የአየሩ ሙቀት፣ በዙሪያችን ያሉ ግድግዳና መስታወቶች ሙቀት፣ እርጥበት፣ የአየር እንቅስቃሴ፣ የለበስነው ልብስ እና የምንሠራው ሥራ። ውጤቱ ከ-3 እስከ +3 ይነበባል። -3 ከባድ ብርድ ነው፣ +3 ከባድ ሙቀት፣ ዜሮ ደግሞ ልክ። ዜሮ ላይ እንኳ ከመቶ አምስት ያህል ሰው እንደማይመቸው ቀመሩ ራሱ ይነግረናል። ሁሉንም ሰው ማስደሰት አይቻልም።

ከስድስቱ ሁለተኛውን ልብ በሉት። አክስቴ ማታ ማታ መስታወቱ አጠገብ ስትቀመጥ «ከጀርባዬ ነፋስ ይገባል» ትላለች። መስኮቱ ጥርቅም ብሎ ተዘግቷል፤ ቀዳዳም የለውም። የሚሆነው እንዲህ ነው። ስስ መስታወት ከውጭው ጋር አብሮ ይቀዘቅዛል። የሰውነቷ ሙቀት በጨረር ወደዚያ ቀዝቃዛ መስታወት ይሄዳል። መስታወቱን የነካው አየርም ቀዝቅዞ ቁልቁል ይወርድና እግሯ ስር ይፈስሳል። ነፋስ አለ ማለቷ ልክ ናት፤ የመጣው ግን ከውጭ አይደለም። ሂተር ብትገዛ የክፍሉ አየር ይሞቃል፣ ጀርባዋ ግን መብረዱን አይተውም።

ሌላው ስህተት የመስኮቱ አቅጣጫ ነው። ደሴ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 11 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት። በታህሳስ እኩለ ቀን ፀሐይ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች፤ ከአድማስ ያላት ከፍታ 55 ዲግሪ ግድም ነው። በሰኔ ደግሞ ተሻግራ በሰሜን በኩል ታልፋለች። ስለዚህ ደቡብን የሚያይ መስኮት በብርድ ወራት ፀሐይ ይጠጣል። የአጎቴ ትልቁ መስኮት ሰሜንን ነው የሚያየው። ፀሐይ የሚሞቁበት የጀርባ ግድግዳ ደግሞ ደቡብን ያያል፤ መስኮት የለውም።

ያንኑ ፕላን ኮምቦልቻ ወስዳችሁ ብትሠሩትስ? ኮምቦልቻ ከደሴ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅ ነው፤ ግን ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች። እንዲህ ያለ የከፍታ ልዩነት ብቻውን አራት ዲግሪ ገደማ ሙቀት ይጨምራል። እዚያ ችግሩ ይገለበጣል፤ ጥላ፣ አየር እንዲያልፍ ትይዩ መስኮትና ከቆርቆሮው ስር ኮርኒስ ያስፈልጋል። አንድን ፕላን ለሁለቱም ከተማ መሸጥ ለእኔ አንድ ልብስ ለሁሉም እንደ መስፋት ነው።

አየር ደግሞ የሕይወት ጉዳይ ነው። ከውጭ ባለው አየር ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከሚሊዮን እጅ 420 ያህሉ ነው። ክፍሉ ሰው በዝቶበት በር ተዘግቶ 1,000 ካለፈ አየሩ እንደታፈነ ምልክት ነው። ጭቃ ቤት በየስንጥቁ ይተነፍስ ነበር፤ ብሎኬትና መስታወት ግን ጥብቅ ናቸው። በክረምት ከሰል አቀጣጥሎ በር መዝጋት ያኔም አደገኛ ነበር፤ አሁን ይብሳል። ከከሰሉ የሚወጣው መርዘኛ ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ሽታም ቀለምም የለውም። እባካችሁ የከሰል ምድጃ ይዛችሁ አትተኙ።

ድሮ ይሻል ነበር እያልኩ አይደለም። የአያቴ ጭቃ ቤት ወፍራም ግድግዳው የቀኑን ሙቀት እስከ ሌሊት ይይዝ ነበር፤ ግን ጨለማ ነበር፣ ጭሱም ዓይኗን አጥፍቷል ማለት ይቻላል። ብርሃን የሚለካው በሉክስ ነው፤ ለመማሪያ ክፍል 300 ያህል የተለመደ ነው።

የድምፅን ነገር ደግሞ ልጅ ሆኜ የተማርኩበት ክፍል ያስረዳልኛል። ኮርኒስ አልነበረውም። የሐምሌ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድበው አስተማሪው ጠመኔውን አስቀምጦ ይቆማል፤ እኛም ዝም ብለን እንጠብቃለን። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው በመማሪያ ክፍል ውስጥ ጫጫታው ከ35 ዴሲቤል (የድምፅ መለኪያ ነው) እንዳይበልጥ ነው። ያ ዝናብ ይህን በብዙ ያልፋል።

ምዘናው እንዴት ይሠራል? አርክቴክቱ የቤቱን ቅርጽ፣ የግድግዳውን ዓይነትና የከተማውን የአየር ጠባይ ኮምፒውተር ላይ ያስገባል። እንደ ኢነርጂፕላስ ያለ በነጻ የሚገኝ ፕሮግራም የዓመቱን 8,760 ሰዓታት አንድ በአንድ አስልቶ የትኛው ክፍል መቼ እንደሚበርድ ያሳያል። ቤቱ ከተሠራ በኋላ ደግሞ መለኪያ ይሰቀላል፤ ነዋሪውም ይጠየቃል። መጠየቁን እንዳትንቁት። «ከጀርባዬ ነፋስ ይገባል» የሚለውን ቴርሞሜትር አይናገርም።

አጎቴ ዘንድሮ አንድ ክፍል ሊጨምር ነው። በዚያው ፀሐይ በሚሞቁበት በኩል። ፕላኑን ሲያሳየኝ መስኮቱ አሁንም በመንገዱ በኩል ተስሏል። እርሳስ አምጥቼ ደቡቡ ግድግዳ ላይ ሣልኩለት። ዝም ብሎ አየውና «እዚህ ጋ ሶፋ ይገባል?» አለኝ።