«የናቁት ያደርጋል ራቁት»፦ አንድ አባባልና የኮሌጅ ፉትቦል መክፈቻ

«የናቁት ያደርጋል ራቁት» ሦስት ቃል ብቻ ናት። ቤት ስለምትመታ ከአፍ አትጠፋም። ጌታው ያባረረው አሽከር በችሎት ፊት ምስክር ሆኖ ሲቆም፣ «ምን ያመጣል» የተባለው ታናሽ ወንድም የአባቱን ርስት በዳኛ ሲያስመልስ፣ ዳር የቆመ ሽማግሌ ራሱን እየነቀነቀ የሚወረውራት እርሷን ነው። ትርጉሟም ግልጽ ይመስላል፦ የናቅኸው ሰው ያዋርድሃል።

ይመስላል ያልሁት ያለ ነገር አይደለም። ብዙ ሰው ይህችን አባባል የሚጠቅሳት ለተናቀው ማጽናኛ አድርጎ ነው፤ «አይዞህ፣ ቀን ይወጣልሃል» እንደማለት። እኔ ግን አባባሏ የተነገረችው ለናቂው ነው ባይ ነኝ። ለተናቀው ምንም ቃል አትገባለትም። ይህን ለማየት ደግሞ ከአሜሪካ የኮሌጅ ፉትቦል (ኳሱን በእጅ ይዞ እየሮጡና እየወረወሩ የሚጫወቱት) የውድድር ዘመን መክፈቻ የተሻለ ቦታ አላውቅም።

ወደዚያ ከመሄዳችን በፊት ግን፣ ውርደትን ለመግለጽ ስንት ቃል እያለ አባባሏ ለምን «ራቁት»ን መረጠች? በቀድሞው ዘመን ልብስ ገላ መሸፈኛ ብቻ አልነበረም፤ የሰው ማዕረግ የሚታየው በልብሱ ነበር። ንጉሥ ጀግናውን ሲሸልም ካባ ወይም ለምድ ያለብሰዋል። ታናሹ በታላቁ ፊት ሲቆም ሸማውን ከትከሻው አውርዶ ወገቡ ላይ አሸርጦ ያደገድጋል። ጦር ሜዳ ላይ የወደቀ ወይም የተማረከ ደግሞ መሣሪያውም ልብሱም ይገፈፋል። እንግዲህ ራቁት መሆን ማለት ሽልማትን በተቃራኒው መቀበል ነው፤ ሹመት ያለበሰውን ሽንፈት ያወልቀዋል።

በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ ምዕራፍ 17 ላይም ነገሩ በዚሁ መንገድ ነው የሚሄደው። ጎልያድ ዳዊትን ትኩር ብሎ አይቶ ናቀው፤ ገና ብላቴና ነበርና። የድንጋዩንና የወንጭፉን ነገር ሁሉም ያውቀዋል። ብዙ ሰው የሚያልፈው በምዕራፉ መጨረሻ ገደማ ያለውን ነው፦ የጎልያድ የጦር ዕቃ በዳዊት ድንኳን ውስጥ ተቀመጠ። ያ ሁሉ ጥሩርና ጦር በስም እየተጠራ፣ በክብደት እየተለካ የተተረከለት ሰው ተገፈፈ።

አሁን ወደ ፉትቦሉ። የአሜሪካ ኮሌጆች የውድድር ዘመን የሚከፈተው በነሐሴ መጨረሻ፣ በእኛ አቆጣጠር ጳጉሜን ሊገባ ሲል ነው። ከዚያ በፊት ባሉት ሳምንታት ቅድመ ትንታኔ ይጎርፋል፦ ከአምና ቡድን ማን ተመረቀ፣ ማን ቀረ፣ ኳርተርባኩ (ጨዋታውን የሚመራው ኳስ ወርዋሪ) ማን ይሆናል፣ ከፊቱ ቆመው የሚከላከሉለት ግዙፋን ልምድ አላቸው ወይ። ስለ ተጋጣሚው ግን ብዙ ጊዜ የሚሰጠው አንድ አንቀጽ ብቻ ነው፤ ጸሐፊው ቸኩሎ ወደ ሁለተኛውና ወደ ሦስተኛው ሳምንት ጨዋታ ያልፋል። ለዚህ ምክንያት አለው። ትልልቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች ለመክፈቻ ከታችኛው እርከን ቡድን ይጋብዛሉ፤ ለመጣበትም ጠቀም ያለ ገንዘብ ይከፍሉታል። ባለ ሜዳው የትኬት ገቢውንና አንድ ቀላል ድል ይወስዳል፤ እንግዳው ደግሞ ለስፖርት ክፍሉ በጀት የሚሆን ገንዘብ ይዞ ይመለሳል። ለበዓል በግ መግዛት ነው እንጂ ግጥሚያ ማለት ይከብዳል። ንቀቱ በስድብ አይነገርም፤ ዋጋው ተቆርጦ በውል ላይ ይሰፍራል።

እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 1 ቀን 2007 (ሌሎቹም ዓመቶች በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ እንዲህ ያለ እንግዳ ጠራ። ሀገር ቤት ሚሌኒየሙን ለመቀበል ሽር ጉድ የሚባልበት ሰሞን ነበር። ሚሺጋን በሀገሪቱ 5ኛ ደረጃ ተሰጥቶት ለዋንጫ የታጨ ቡድን ነው፤ እንግዳው አፓላቺያን ስቴት ይባላል፣ በሰሜን ካሮላይና ተራሮች መካከል ካለችው ከቡን ከተማ የመጣ። ለመምጣቱ 400 ሺህ ዶላር ተከፍሎታል። በላስ ቬጋስ ያሉ ብዙ አወራራጆች ለጨዋታው የውርርድ ግምት እንኳ አላወጡም። ናቂው ሁሉ ሳያየው ያለፈው አንድ ነገር ነበር፦ ይህ ቡድን በራሱ እርከን የ2005 እና የ2006 ሻምፒዮን ነው። ተጫዋቾቹን በሜዳው ስፋት በትኖ፣ ኳሱን አርማንቲ ኤድዋርድስ ለሚባል ቀልጣፋ ኳርተርባክ ሰጥቶ በፍጥነት ይጫወታል። የሚሺጋን ግዙፋን ተከላካዮች ደግሞ ሯጭ ማሳደድ አልሆነላቸውም።

ዕረፍት ሲወጡ እንግዳው 28 ለ17 ይመራ ነበር። ሚሺጋን እየተንፏቀቀ ደረሰበት፤ ሊያበቃ አራት ደቂቃ ተኩል ያህል ሲቀርም 32 ለ31 መራ። ከዚያ ብልጫውን ለማስፋት በእግር የሞከረው ምት ታገደበት። አፓላቺያን ስቴት ያችኑ ኳስ ይዞ ወጣና 26 ሰከንድ ሲቀር በግቡ በትሮች መካከል በተመታች ኳስ ሦስት ነጥብ ጨመረ፤ 34 ለ32። የሚሺጋኑ ኳርተርባክ ቻድ ሄኒ የወረወረው ረጅም ኳስ ማሪዮ ማኒንግሃም እጅ ገባ፤ ስድስት ሰከንድ ቀረ። ከ37 ያርድ (አንድ ያርድ ከሜትር ትንሽ ያንሳል) የምትመታ አንዲት ኳስ ብቻ ሁሉን ነገር ትመልሰዋለች። ኳሷ ከመቺው እግር እንደተነሣች ኮሪ ሊንች የተባለው የእንግዳው ተከላካይ ከዳር ተወርውሮ መጥቶ በአካሉ መታት፤ አንሥቷትም ወደ ሌላው ጫፍ ሮጠ። ሰዓቱ እርሱ ሲሮጥ አለቀ። ስታዲየሙ ከ109 ሺህ በላይ ሰው ይዞ ነበር።

ሚሺጋን በአንድ ሳምንት ከ5ኛ ደረጃ ጭራሽ ከደረጃ ዝርዝሩ ወጣ፤ በቀጣዩ ጨዋታም ኦሪገን በዚያው ሜዳ 39 ለ7 ረታው። አሠልጣኙ ሎይድ ካር በዓመቱ መጨረሻ ጡረታ ወጣ። ደረጃውን የሚያወጣው የዜና ወኪል አሶሺየትድ ፕሬስ ደግሞ የደረጃ ድምፅ የሚሰጡ ጋዜጠኞች ለታችኛው እርከን ቡድኖችም ድምፅ እንዲሰጡ ደንቡን ከፈተ፤ እስከዚያ ድረስ ለካ ንቀቱ በደንብ ጭምር የታጠረ ነበር።

«ይኸው፣ የተናቀው ቀን ወጣለት» የሚል አይጠፋም። ቆይ ግን። እነዚሁ ሁለት ቡድኖች በ2014 የውድድር ዘመን መክፈቻ በዚያው ሜዳ እንደገና ተገናኙ። በዚህ ጊዜ ሚሺጋን በሚገኝበት በአን አርበር ከተማ የአፓላቺያን ስቴትን ስም ሳይጠነቀቅ የሚጠራ አልነበረም፤ ቅድመ ትንታኔው ሁሉ የጀመረው ከ2007 ነው። ሚሺጋን 52 ለ14 አሸነፈ። እንግዳው ያው ትንሹ ትምህርት ቤት ነው፣ ሜዳውም ያው ነው፤ የጠፋው ንቀቱ ነበር። አባባሏ ለተናቀው የተሰጠች ተስፋ ብትሆን ኖሮ በየዓመቱ መክፈቻ ላይ በደርዘን የሚቆጠሩ ትልልቅ ቡድኖች በተዋረዱ ነበር። አይሆንም። ገንዘቡን ተቀብሎ የሚመጣው እንግዳ አብዛኛውን ጊዜ ተደቁሶ ይመለሳል። «ያደርጋል» የሚለው ግሥ ስለ ነጥብ ትንበያ አይደለም፤ ናቂው ራሱ ጋሻውን አስቀምጦ ከወጣ ምን እንደሚጠብቀው ነው የሚነግረው። ስለዚህ ይህችን አባባል በቅድመ ትንታኔ ውስጥ ያለ ቦታዋ የሚያስገቡ ሰዎች ያበሳጩኛል። ደካማውን ቡድን በምሳሌ ማጀገን ይወዳሉ፤ ጥናቱን ግን አያጠኑለትም፤ ያም ሌላ ዓይነት ንቀት ነው።

አሜሪካ ያለው ሐበሻ ይበልጥ የሚቀርበው ሌላ ጨዋታ አለ። ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው በዋሽንግተን ዲሲ፣ ከዩ ጎዳና የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች ትንሽ ከፍ ብሎ ነው። ዶክተር መላኩ በያን በ1935 በሕክምና የተመረቁት፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም በ1954 የክብር ዶክትሬት የተቀበሉት እዚያ ነው። በፉትቦል ግን ስሙ ከፍ ብሎ የሚነሣ አልነበረም። በ2017 መክፈቻ የኔቫዳ ዩኒቨርሲቲ የላስ ቬጋሱ ቡድን ጋበዘው፤ ያም ከተማ ብዙ ኢትዮጵያዊ የሚኖርበት ነው። ክፍያው 600 ሺህ ዶላር ነበር። አወራራጆች ባለ ሜዳው በ45 ነጥብ እንደሚበልጥ ገመቱ። የሃዋርድ ኳርተርባክ ኬይሊን ኒውተን ገና አንደኛ ዓመት፣ የመጀመሪያ የኮሌጅ ጨዋታው፤ በእግሩ ብቻ 190 ያርድ ሮጠ፤ «ፍየል ከመድረሷ ቅጠል መበጠሷ» የሚያሰኝ ልጅ ነው። ሃዋርድ 43 ለ40 አሸነፈ። በውርርድ ግምት ሲለካ በኮሌጅ ፉትቦል ታሪክ ከዚህ የሚበልጥ ያልተጠበቀ ውጤት አልታየም ነበር፤ የቀደመው ክብረ ወሰን በ2007 ስታንፎርድ 41 ነጥብ እንደሚበለጥ ተገምቶ ሳውዘርን ካሊፎርኒያን 24 ለ23 ያሸነፈበት ነው።

የላስ ቬጋሱን ቡድን የሚገልጸው ግን «የናቁት» ብቻ ሳይሆን እኅቷም ጭምር ናት፦ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር»። ሁለቱን አባባሎች ሰው ያቀላቅላቸዋል። የመጀመሪያዋ የምትነቅፈው ዓይንን ነው፤ ተጋጣሚውን እያዩ አለማየትን። ሁለተኛዋ እጅን ትነቅፋለች፤ ባልተገደዱበት ነገር ገብቶ ጣጣ መግዛትን። 600 ሺህ ዶላር ከፍሎ በገዛ ሜዳ መሸነፍ ሁለቱንም ያሟላል።

ሃዋርድ በቀጣዩ ሳምንት ወደ ኦሃዮ ሄዶ ኬንት ስቴትን ገጠመ። ያ ቡድን የላስ ቬጋሱን ጨዋታ ፊልም ሳያይ አልቀረም፤ ኒውተን በየት በኩል እንደሚሮጥም አይቷል። 38 ለ31 ሃዋርድ ተሸነፈ። ዓመቱን ሰባት አሸንፎ፣ አራት ተሸንፎ ጨረሰ።