ደረጃ የወጣለት ሳንቲም «ተረጋግጧል» ሲባል ምን ማለት ነው?

ሰሞኑን ደሴ ውስጥ በፕላስቲክ የታሸገ ጠገራ ብር ወይም የአፄ ምኒልክ ብር ለሽያጭ በቀረበ ቁጥር «ተረጋግጧል» የሚለው ቃል ያለ ልክ ይነገራል። ሻጩ ማሸጊያው ላይ ያለውን ቁጥር ስልኩ ላይ ያስገባና ሳንቲሙን መርምሮ ደረጃ የሰጠውንና ያሸገውን ኩባንያ ድረ ገጽ ያሳያል፤ ገዢውም ገጹን አይቶ ይከፍላል። በዚህ መንገድ የተረጋገጠው ቁጥሩ መዝገብ ላይ መኖሩ ብቻ ነው።

«ቁጥሩ ካልተገኘ ሐሰተኛ ነው፤ ከተገኘ እውነተኛ ነው» ብሎ የተሟገተኝ ሰው የመጀመሪያውን ግማሽ አልሳተም። ገዢዎችን እያስዘረፈ ያለው ሁለተኛው ነው። ፒሲጂኤስና ኤንጂሲ የሚባሉትን የአሜሪካ ደረጃ አውጪ ኩባንያዎች ማሸጊያ አስመስሎ የሚሠራ ሰው ቁጥር ከራሱ አይፈጥርም፤ ለጨረታ ከቀረበ እውነተኛ ሳንቲም ፎቶ ላይ ይገለብጣል፤ የሳንቲሙን ዓይነትና ከ1 እስከ 70 ባለው መለኪያ የተሰጠውን ደረጃም አብሮ ይወስዳል። ስለዚህ ቁጥሩ ሲፈለግ ሁሉም ነገር ገጥሞ ይገኛል።

ከኮምቦልቻ አይሱዙ የሚገዛ ሰው ታርጋው በመንገድ ትራንስፖርት መዝገብ ስለተገኘ ብቻ ገንዘቡን አይቆጥርም፤ ታርጋውን ከሊብሬው፣ ሊብሬው ላይ የተጻፈውን የሻንሲና የሞተር ቁጥር ደግሞ መኪናው ላይ ከተመታው ጋር ያመሳክራል። የማሸጊያው ቁጥር ታርጋ ነው፤ መለያ ወረቀቱ ሊብሬ፣ የሚያብረቀርቀው የደኅንነት ምልክት (ሆሎግራሙ) ደግሞ ቦሎ ነው። ሦስቱም ተመሳስለው ሊሠሩ ይችላሉ። የሻንሲው ቁጥር ግን ሳንቲሙ ፊት ላይ ያለው ጭረት ነው፤ መመሳከር ያለበትም እሱ ነው።

የኩባንያው ገጽ ላይ የሳንቲሙ ፎቶ ካለ አጉልታችሁ ክፈቱት። ጠገራ ብር ከሆነ ከንግሥት ማሪያ ቴሬዛ ምስል ፊት ለፊት ያለውን ባዶ ስፍራ ተመልከቱና ሁለት ወይም ሦስት ጭረት ምረጡ፤ የእያንዳንዱን ቦታ፣ ርዝመትና አቅጣጫ እጃችሁ ላይ ካለው ሳንቲም ጋር አስተያዩ። ከዚያ ገልብጣችሁ የንስሩን ጅራት ላባዎች አንድ በአንድ አመሳክሩ። የፕላስቲኩ ጭረት እንዳያሳስታችሁ ማሸጊያውን መብራት ሥር ዘንበል ቀና አድርጉት፤ የፕላስቲኩ ጭረት ሳንቲሙ ላይ ሲንሸራተት ይታያል፣ የሳንቲሙ ከቦታው አይነቃነቅም። ቀለሙ ከፎቶው ጋር ባይመሳሰል አትደንግጡ፤ ቀለም በብርሃንም በዕድሜም ይለወጣል። አንድ ዓይነት ጉድጓድ አንድ ዓይነት ቦታ ላይ ያላቸው ሁለት ሳንቲሞች ካጋጠሟችሁ ግን ቢያንስ አንዱ ከሌላው ተቀድቶ መሠራቱን ጠርጥሩ።

ማሸጊያው ራሱ እውነተኛ ሆኖ ሳንቲሙ የተለወጠበት ጊዜም አለ። በዚህ ጊዜ ቁጥሩም፣ ወረቀቱም፣ ሆሎግራሙም የኩባንያው ናቸው። ሁለቱ የፕላስቲክ ግማሾች የተጋጠሙበት መስመር ነጭ ጭጋግ፣ ስንጥቅ ወይም የሙጫ ምልክት ካለበት ተከፍቶ ሊሆን ይችላል።

ባቲ ሰኞ ገበያ ብር የሚመዝኑ አንጥረኞች የሚያውቁት ፍተሻ እዚህ ላይ እምብዛም አይረዳም። ጠገራ ብር 28.07 ግራም ገደማ ይመዝናል፣ ከሺህ 833 እጁም ንጹሕ ብር ነው፤ ነገር ግን የታሸገን ሳንቲም ለብቻው መመዘንም ሆነ ድንጋይ ላይ ጥሎ ድምፁን መስማት አይቻልም፤ ጠርዙ ላይ በላቲን የተቀረጸው ጽሑፍም በአብዛኛው ተሸፍኗል። ማግኔት አለመሳቡም ማስረጃ አይሆንም፤ መዳብና ናስም በማግኔት አይሳቡም።

«እውነተኛ» የሚለው ቃልም በልኩ መወሰድ አለበት። ጠገራ ብር ላይ የተጻፈው 1780 እ.ኤ.አ. ማሪያ ቴሬዛ የሞተችበት ዓመት ነው፤ ሳንቲሙ ከዚያ በኋላ በቪየና፣ በሮም፣ በለንደን፣ በቦምቤይና በሌሎችም ከተሞች ያንኑ ዓመት እንደያዘ ሲመታ ኖሯል። የሮሙ ከ1935 እ.ኤ.አ. ወዲህ፣ ኢጣሊያ አገራችንን ለመውረር ስትዘጋጅ የተጀመረ ነው። እነዚህ ሁሉ በመንግሥት የተመቱ እንጂ ሐሰተኛ አይደሉም፤ ዋጋቸው ግን አንድ አይደለም። ወሎ ውስጥ እንደ ብዙዎቹ ጠገራዎች ለአንገት ጌጥ ማንጠልጠያ ተበይዶለት የነበረ ሳንቲም ደግሞ የብየዳው ጠባሳ ስለሚቀር ቁጥራዊ ደረጃ አያገኝም፤ ወረቀቱ ላይ «ዲቴይልስ» ተብሎ ጉዳቱ ይገለጻል። እንዲህ ያለ ጠባሳ ያለበት ሳንቲም ከፍተኛ ቁጥር በያዘ ማሸጊያ ውስጥ ካያችሁት አትግዙት።

ገጹ ላይ ፎቶ ከሌለ ወይም ጭረቶቹ ካልገጠሙ ማሸጊያውን ሰብራችሁ ለመመዘን አትቸኩሉ። የኩባንያው ዋስትና የሚሠራው ሳንቲሙ በራሱ ማሸጊያ ውስጥ ሳይነካ እስካለ ድረስ ነው፤ ሻጩም የተሰበረውን አይመልስም። የሳንቲሙን ሁለቱንም ገጾችና የማሸጊያውን ጠርዝ ፎቶ አንስታችሁ እንደታሸገ ለሻጩ መልሱ፤ ከመግዛታችሁ በፊትም መመለስ እንደሚቻል በጽሑፍ ተስማሙ።