«ዝም ብለህ ዘለህ ግባበት»፦ በራስ መተማመንን የሚያፈርሱ ምክሮች እና እውነታው

ሰው ፊት ቆሞ መናገር የሚፈሩ ሰዎችን ማሰልጠን ከጀመርኩ ቆየሁ። የመጀመሪያው ቀን ላይ ሁሌም አንድ ጥያቄ እጠይቃለሁ፦ «እስከ ዛሬ ሰው ምን ብሎ መከራችሁ?» መልሱ አይለወጥም። «ከኮምፎርት ዞንህ ውጣ! አትፍራ! ዝም ብለህ ዘለህ ግባበት!»

ይህን ምክር መስማት ሰልችቶኛል። ከለመዱት ነገር ወጣ ማለት በራስ መተማመንን ይገነባል፤ እዚህ ላይ ጥል የለኝም። ግን ምን ያህል ወጣ ይባል? በምን ቅደም ተከተል? ይህን የሚናገር የለም። «ግባበት» ተብለው ገብተው የተሰበሩት ደግሞ በኋላ እኔ ጋ ይመጣሉ። እስቲ የምሰማቸውን አንድ በአንድ ላንሳ።

«መጀመሪያ በራስ መተማመኔ ይምጣ፣ ከዚያ እጀምራለሁ»

ነገሩ ተገልብጧል። የሥነ ልቦና ተመራማሪው አልበርት ባንዱራ እ.ኤ.አ. በ1977 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ሰው «እችላለሁ» የሚል እምነት የሚያገኝባቸውን አራት ምንጮች ዘርዝሯል። ራስ ሠርቶ ማየት፣ እንደ እኛ ያለ ሰው ሲሠራው ማየት፣ ከሌላ ሰው የሚመጣ ማበረታቻ፣ እንዲሁም የገዛ ሰውነታችን ስሜት። ከአራቱ ትልቁን ጉልበት ያለው ራስ ሠርቶ ማየት ነው። ቤት ቁጭ ብሎ በራስ መተማመንን የሚጠብቅ ሰው፣ ገና ያልሠራው ሥራ ደመወዝ እንዲመጣለት እየጠበቀ ነው።

«በራሱ የሚተማመን ሰው አይፈራም»

ይፈራል። መድረክ ከመውጣታቸው በፊት ሦስት ጊዜ ሽንት ቤት የሚመላለሱ የተዋጣላቸው ተናጋሪዎች አውቃለሁ።

«እኔ በተፈጥሮዬ ዝምተኛ ነኝ፣ አይሆንልኝም»

ዝምታ ሌላ፣ በራስ አለመተማመን ሌላ። ካሰለጠንኳቸው ሰዎች መካከል ጥሩ ጥሩዎቹ ብዙ የማያወሩት ናቸው።

«ጥልቅ ውሃ ውስጥ ወርውረው፣ ዋና ራሱ ይማራል»

እዚህ ላይ ቆም እላለሁ፤ ብዙ ሰው የሚጎዳው በዚህ ነውና።

አንዲት ወጣት ነበረች። ሒሳብ ሠራተኛ ናት። አለቃዋ ሊያበረታታት ብሎ፣ 200 ሰው በተሰበሰበበት ስብሰባ ላይ ሳይነግራት ማይክ አቀበላት። ሁለት ዓረፍተ ነገር ተናገረች። ሦስተኛው ላይ ድምፅዋ ተቆረጠ። ማይኩን መልሳ ሰጥታ ወጣች። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ የትኛውም ስብሰባ ላይ በሩ አጠገብ ነበር የምትቀመጠው። እኔ ጋ ስትመጣ እስክሪብቶዋን በሁለት እጇ ጨብጣ ነበር፤ ስሟን እስክትነግረኝ ድረስ አልለቀቀችውም።

አለቃዋ ክፉ ሰው አልነበረም። ግን ያ ቀን ምን አስተማራት? ማይክ ማለት አደጋ ማለት እንደሆነ አስተማራት። ማይኩን መልሳ ስትሰጥ ደግሞ ትልቅ እፎይታ ተሰማት። ተንኮሉ ያለው እዚህ ላይ ነው። እፎይታው ለመሸሿ ሽልማት ሆነ። በሚቀጥለው ጊዜ መሸሽ ይበልጥ ቀላል፣ መቆም ይበልጥ ከባድ ይሆናል። ፍርሃት የሚያድገው እንዲህ ነው።

ከፍርሃት የመውጫው መንገድ የታወቀው ከ100 ዓመት በፊት ነው። ሜሪ ከቨር ጆንስ የተባለች ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1924 ስለ አንድ ትንሽ ልጅ ጻፈች። ልጁ ጥንቸል ይፈራ ነበር። ጥንቸሉን እቅፉ ውስጥ አልጣለችበትም። ልጁ የሚወደውን ምግብ እየበላ፣ ጥንቸሉ በሽቦ ቤቱ ሆኖ ራቅ ብሎ ይቀመጣል። በሌላ ቀን ትንሽ ይጠጋል። በመጨረሻ ልጁ ራሱ ጥንቸሉን ይዳስስ ጀመር። ባንዱራም እባብ የሚፈሩ ሰዎችን ሲረዳ በደረጃ ነበር። መጀመሪያ ሌላ ሰው እባቡን ሲይዝ ከርቀት ማየት፣ ከዚያ በጓንት መንካት፣ ከዚያ በባዶ እጅ። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ለልጆቻችን እንተርተዋለን። የራሳችን ፍርሃት ላይ ስንደርስ ግን እንረሳዋለን።

እኔም አጥፍቻለሁ። ሥራውን በጀመርኩበት ሰሞን አንድ ሰልጣኝ «ዛሬ ይቅርብኝ» ሲለኝ «ግባበት፣ ምንም አትሆንም» ብዬ ወደ ፊት አስወጣሁት። በማግስቱ አልመጣም። ደወልኩለት፤ አላነሳም። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ታዲያ ከወጣቷ ጋር ምን አደረግን? መሰላል ሠራን። እናንተም ልትሠሩት ትችላላችሁ። የምትፈሩትን ነገር አሥር ቦታ ቆራርሱት። ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 10 የፍርሃት ነጥብ ስጡት። የምትጀምሩት 3 ወይም 4 ከሰጣችሁት ነው። 1 የሰጣችሁት ምንም አያስተምራችሁም፤ 9 የሰጣችሁት ገና ነው። የእሷ የመጀመሪያ ደረጃ ቁጭ ብላ አንድ አንቀጽ ጮክ ብላ ለእኔ ማንበብ ነበር። ቀጥሎ ቆማ ማንበብ። ቀጥሎ ስልክ ላይ ቀድታ ራሷን መስማት። እዚህ ደረጃ ላይ ሦስት ሳምንት ቆየን፤ የገዛ ድምፅዋን መስማት አልቻለችም ነበር። አላጣደፍኳትም።

ከእያንዳንዱ ደረጃ በፊት ይሆናል ብላ የምትፈራውን ወረቀት ላይ ትጽፋለች። ስትጨርስ ከሥሩ የሆነውን ትጽፋለች። አምስት ሰው ባለበት ስብሰባ ላይ አንድ ጥያቄ የጠየቀች ቀን የጻፈችውን አሳይታኛለች። ከላይ፦ «ድምፄ ይቆረጣል፣ ይስቁብኛል።» ከታች፦ «ድምፄ ተንቀጠቀጠ። ማንም አልሳቀም። አንዱ ጥያቄዬን ደግሞ ጠየቀው።» ይህች ወረቀት ከእኔ የአንድ ወር ማበረታቻ ትበልጣለች። ወረቀቱን አትዝለሉት። ካልተጻፈ ጭንቅላታችን የተንቀጠቀጠውን ድምፅ ብቻ ያስታውሳል፤ ማንም አለመሳቁን ይረሳል።

አንድ ነገር ልጨምር። ደረጃውን አንዴ አልፋችሁ ወደ ላይ አትሩጡ። ደጋግሙት። ነጥቡ ከ4 ወደ 2 ሲወርድ ቀጣዩን ያዙ። ከወደቃችሁም አንድ ደረጃ ወረድ በሉ፤ መሰላሉን ጥላችሁ አትሂዱ።

«ሁሉም ሰው እኔን ነው የሚያየው»

ያን ያህል አያያችሁም። እ.ኤ.አ. በ2000 ቶማስ ጊሎቪች እና ባልደረቦቹ ባሳተሙት ጥናት፣ ተማሪዎች የሚያሳፍራቸው ሥዕል ያለበት ቲሸርት ለብሰው ሌሎች ወዳሉበት ክፍል ገቡ። ከክፍሉ ግማሽ ያህሉ ሰው ሥዕሉን እንዳስተዋለ ገመቱ። ያስተዋለው ሩብ ገደማ ብቻ ነበር።

«ጠዋት ጠዋት መስታወት ፊት ‹እኔ ድንቅ ነኝ› በል»

ይህን ምክር ለማን እንደምትሰጡ ተጠንቀቁ። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ የጆአን ዉድ እና የባልደረቦቿ ጥናት፣ ለራሳቸው ዝቅተኛ ግምት ያላቸው ሰዎች «ተወዳጅ ሰው ነኝ» እያሉ ሲደጋግሙ ስሜታቸው ጭራሽ እንደሚብስ አሳይቷል። የማያምኑትን ነገር ሲናገሩ ውስጣቸው «ውሸት» ይላል። በምትኩ ያደረጋችሁትን ተናገሩ። «ትናንት ስብሰባ ላይ አንድ ጥያቄ ጠየቅሁ።» ይህን ማንም ውሸት ሊለው አይችልም።

«ደረትህን ነፍተህ ሁለት ደቂቃ ቁም»

እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ ጥናት ይህ አቋም ሆርሞን ይለውጣል ብሎ ነበር። በ2015 ብዙ ሰው ያሳተፈ ጥናት ሲደግመው የሆርሞን ለውጥ አልተገኘም። በ2016 ከመጀመሪያው ጥናት ጸሐፊዎች አንዷ ራሷ ውጤቱን እንደማታምንበት በይፋ ጽፋለች። ቀጥ ብላችሁ ቁሙ፤ ድምፃችሁ ይጠራል። ተአምር ግን አትጠብቁበት።

«ልብህ ሲመታ ተረጋጋ»

እየዘለለ ያለ ልብ ተረጋጋ ስላሉት አይረጋጋም። አሊሰን ዉድ ብሩክስ እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተመችው ጥናት፣ ከንግግር በፊት «ጓጉቻለሁ» ያሉ ሰዎች «ተረጋግቻለሁ» ካሉት የተሻለ ተናግረዋል። ጉጉትም ፍርሃትም ልብን ያስመታሉ። ስሙን መቀየር ይቀላል።

«ከወጣህ አትመለስ»

ተመለሱ እንጂ! ከባድ ቀን ካለፈ በኋላ ወደለመዱት ቦታ ገብቶ ማረፍ ሽንፈት አይደለም። ጡንቻም ቢሆን የሚጠነክረው እረፍት ሲያገኝ ነው።

ወጣቷ አሁን 40 ሰው ፊት ሪፖርት ታቀርባለች። ባለፈው ወር ያው አለቃዋ ትልቁ ስብሰባ ላይ እንድትናገር ጠየቃት፤ አሁን ግን አስቀድሞ ነው የጠየቃት። መሰላሏን አውጥታ አየችው። 200 ሰው ገና 7 ላይ ነው። «ዘንድሮ አልችልም፣ በሚቀጥለው ዓመት ያዙልኝ» አለችው። ይህን የነገረችኝ እየሳቀች ነው፤ እስክሪብቶዋ ጠረጴዛው ላይ ነበር።